ቅዳሜ ጠዋት ሂጂ

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት። ዘጠኝ ዓመት ባንክ ሠርቻለሁ። ከገንዘብ ከፋይነት ጀምሬ የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ እስከመሆን ደርሼ ነበር። መጋቢት ላይ ለቀቅሁ። ተጣልቼ አይደለም፤ ማታ ቤቴ ስገባ ልጄን የማናግርበት ቃል እያጣሁ ስለመጣሁ ነው። ፎቶ ማንሳት ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ስለምወድ ካጠራቀምኩት ላይ ያገለገለ ካሜራ ገዛሁ።

ሐምሌ ውስጥ ሳር ቤት አካባቢ ዝናብ ያዘኝና አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። ማዶ አንድ ሊስትሮ ልጅ እሱ እየበሰበሰ ሣጥኑን በፌስታል ሲሸፍን አየሁና አነሳሁት። አጠገቤ ማኪያቶ ይዞ የቆመ ሰው ‹እስኪ አሳዪኝ› አለኝ። ቀና ብዬ ሳየው ደነገጥኩ። የታወቁ ድምፃውያንንና ተዋንያንን የሚያነሳው፣ ስሙን ሁላችንም የምናውቀው ፎቶ አንሺ ነው። ፎቶዎቹን ቀስ ብሎ እያሳለፈ አየና አንዱ ላይ ሲደርስ ‹እዚህ ላይ ለምን ጎንበስ አልሽ?› አለኝ። ‹የልጁ ዓይን እዚያ ስለነበረ› አልኩት። ካርዱን ሰጠኝና ‹ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ስቱዲዮ ሥራ አለን፤ ብትመጪ ተጨማሪ እጅ አይጠላም› ብሎ ሄደ።

ሦስት ቅዳሜ አለፈ። አንዴ እስከ በሩ ሄጄ ተመልሻለሁ። ባለቤቴ ‹እንዲህ ያላለው ሰው ማን አለ?› ይላል። እናቴ የዘጠኝ ዓመት ልፋትሽን ለካሜራ ሸጥሽው እያለች ታለቅሳለች። አሁን ሌላ ባንክ ጠርቶኛል፤ እስከ ነሐሴ መጨረሻ መልስ ይፈልጋል። ያለኝ ገንዘብ አምስት ወር ቢያቆየኝ ነው። እትዬ፣ ያ ሰው ከእግዚአብሔር የተላከልኝ ምልክት ነው ወይስ ለወጉ ያህል ነው ያናገረኝ?
— ከጎፋ»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው እስክሪብቶ ይዤ ነበርና አንድ ቦታ ላይ አሰመርኩ። «እዚህ ላይ ለምን ጎንበስ አልሽ?» በሚለው ሥር።

ለወጉ የሚያናግር ሰው «ጎበዝ፣ በርቺ» ይልና ወደ ማኪያቶው ይመለሳል። ይህ ሰው ግን አንቺ ስትጎነብሺ ቆሞ አላየሽ ይሆናል፤ ከፎቶው ላይ ነው ያነበበው። ካሜራው የልጁ ዓይን ትክክል ላይ እንደነበረ፣ ለዚያም ስትይ ጉልበትሽን እንዳጠፍሽ ከምስሉ አውቋል። ይህ የባለሙያ ጥያቄ ነው። ባለሙያ እንዲህ ብሎ የሚጠይቀው ደግሞ መልሱን ለመስማት ነው። መልስሽን ሰምቶ ካርዱን ሰጠሽ። ስለዚህ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ሂጂ።

ምልክት ነው ወይ ላልሽው፣ እኔ የእግዚአብሔርን ሥራ ለመተርጎም አልደፍርም። ነገር ግን ሰውየውን ምልክት አድርገሽ ከሄድሽ የማይችለውን ሸክም ትጭኚበታለሽ። ያን ቀን ቢከፋው፣ ቢቸኩል፣ ባያስታውስሽ፣ «ታዲያ እኔ ለምን ሥራዬን ለቀቅሁ?» ብለሽ ትመለሻለሽ። ከባንክ የወጣሽው እሱን ከማግኘትሽ ከአራት ወር በፊት ነው። ለልጅሽ ቃል ስላጣሽ ነው የወጣሽው። እሱ ቢያስታውስሽም ቢረሳሽም ያ ምክንያት እዚያው አለ።

ደግሞ ይረሳሻል ብለሽ ተዘጋጂ። ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ነው። ወጣት ሳለሁ አንድ ስመ ጥር አዘጋጅ የጻፍኩትን አይቶ «ቢሮዬ ብቅ በይ» አለኝ። እኔም እንደ አንቺ በሩ ድረስ እየሄድኩ ስመለስ ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ገባሁ። ማን እንደሆንኩ ጨርሶ አላወቀም። እግሬ ከዳኝ። ግን ቦርሳዬ ውስጥ አራት ገጽ ጽሑፍ ነበረኝና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። መነጽሩን አድርጎ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ቀይ እስክሪብቶ አነሳ። ያን ቀን ከአንድ ገጽ ላይ አሥራ አንድ ቃል ሰረዘልኝ፤ የተሰረዙትን ቃላት እስከ ዛሬ አስታውሳቸዋለሁ። ያገናኘን ጽሑፉ እንጂ ትዝታው አልነበረም። አንቺም የሊስትሮውን ልጅ ፎቶ አሳትመሽ ያዢ። ስልክ ላይ አታሳዪው፤ በወረቀት ይሁን፣ ትልቅ ይሁን። ከሱ ጋር ሌሎች ስምንት ወይም አሥር ጨምሪ። «ሳር ቤት ዝናብ ላይ የተገናኘን ነኝ» በይው። ካስታወሰ ጥሩ፣ ካላስታወሰም ፎቶው ያስታውሰዋል።

አሁን የተናገረውን ቃል እንደተናገረው እንውሰደው። ተሰጥኦ አለሽ አላለሽም። እቀጥርሻለሁም አላለሽም። «ተጨማሪ እጅ አይጠላም» ነው ያለሽ። ይህን እንደ ንቀት እንዳታዪው፤ ሙያው የሚለመደው በእጅ ነውና። በዚያች ቅዳሜ ምናልባት ካሜራ አትነኪም። የመብራት ማቆሚያ ትሸከሚያለሽ፣ እንዳይወድቅ እግሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት ታስቀምጫለሽ፣ ሰው እንዳያደናቅፍ ገመዱን ወለሉ ላይ በፕላስተር ታጣብቂያለሽ፣ ባትሪ ቻርጅ ታደርጊያለሽ፣ ብርሃን መላሹን ሰሌዳ ክንድሽ እስኪዝል ትይዣለሽ። ሻይም ታመጪ ይሆናል። ይህን ስትሠሪ ሰዓቱ እንዴት እንዳለፈ ካልታወቀሽ አንድ ነገር አወቅሽ ማለት ነው። በየአሥር ደቂቃው ሰዓትሽን ካየሽም ሌላ ነገር አወቅሽ። ሁለቱም ሳር ቤት በረንዳ ላይ ቆመሽ ልታውቂው የማትችይው ነው።

እዚያ ስትሆኚ ካሜራውን ብቻ አትመልከቺ። ካሜራ ባልያዘባቸው ደቂቃዎች ሰውየው ምን እንደሚያደርግ እዪ። ዝነኛዋ ዘግይታ ትገባለች፤ ሌሊቱን መድረክ ላይ አድራ ዓይኗ ቀልቷል፤ የፊቷን አንድ ወገን አትወደውም፤ ሥራ አስኪያጇ ከኋላ ቆሞ ሰዓት ይቆጥራል። እሷን ከዚያ ሁሉ አውጥቶ ወንበሩ ላይ የሚያሳርፋት እንዴት ነው? ምን ይላታል? መቼ ዝም ይላል? የታወቁ ሰዎች አንድን ፎቶ አንሺ ደጋግመው የሚጠሩት ሌንሱ ውድ ስለሆነ አይመስለኝም። እሱ ፊት ሲቀመጡ ትከሻቸው ስለሚወርድ ነው።

እቤቴ ግድግዳ ላይ የአባቴ ፎቶ አለ። ፒያሳ፣ ፎቶ ቤት የተነሳው ነው። ፒያሳ በዚያ ዘመን የፎቶ ሰፈር ነበረች። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን አፄ ምኒልክን ካነሳ በኋላ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው ለቤተ መንግሥቱ አንስተዋል፤ ሌላውም ሰው በየፎቶ ቤቱ ተሰልፎ ለዘመድ የሚልከውን ይነሳ ነበር። አባቴ በፎቶው ላይ የጎረቤት ኮት ለብሷል፤ እጅጌው ይረዝመዋል። በቀኝ እጁ የተጠቀለለ ጋዜጣ ይዟል። አባቴ ፊደል አልቆጠረም። ልጅ ሆኜ «አባዬ ማንበብ ሳይችል ጋዜጣ ለምን ያዘ?» ብዬ እናቴን ጠየቅኋት። «እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ፎቶ አንሺው አየና አስያዘው» አለችኝ። ፎቶውን ጠጋ ብለሽ ብታዪው ጋዜጣው በጣም ተጨብጦ መሐሉ ላይ ተጨማድዷል። መንቀጥቀጡ በሙሉ እዚያ ገብቷል፤ ፊቱ ላይ ግን ምንም የለም። የዚያን ፎቶ አንሺ ስም አላውቀውም። ሙያ ሲባል ግን መጀመሪያ የሚታሰበኝ እሱ ነው።

ይህን ያነሳሁት ዘጠኝ ዓመት ባክኗል ብለሽ እንደምታስቢ ስለገባኝ ነው። እናትሽም የምታለቅሰው ስለዚያ ነው። እስኪ አስቢው፤ ባንኮኒው ማዶ ስንት ሰው እጁ እየተንቀጠቀጠ ቆሞ አይተሻል? የሟች ባሏን የባንክ ደብተር ይዛ ምን ብላ እንደምትጀምር የጠፋት ሴት፣ ደመወዙ አልገባ ብሎት ሊጮህ የመጣ ሰው፣ ፊርማው አልመሳሰል ብሎ የተሳቀቀ ሽማግሌ። እነዚህን ማረጋጋት የቀን ሥራሽ ነበር። ብርሃን መለካት በስድስት ወር ይለመዳል። የተሳቀቀን ሰው ማሳረፍ ግን ብዙ ፎቶ አንሺ ዕድሜውን ሙሉ የሚቸገርበት ነገር ነው፤ አንቺ ይዘሽው ትገቢያለሽ።

ሴባስቲያዎ ሳልጋዶን ታውቂው ይሆናል። ብራዚላዊ ነው፤ የተማረው ኢኮኖሚክስ ሲሆን ለንደን በዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። ለሥራ ወደ አፍሪካ ሲመላለስ የባለቤቱን የሌሊያን ካሜራ ይዞ መሄድ ጀመረ። ከጉዞው የሚያመጣቸው ፎቶዎች ከሪፖርቶቹ ይልቅ ልቡን ሲወስዱት በ1973 እ.ኤ.አ. ሥራውን ተወ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት አገራችን መጥቶ ያነሳቸውን ፎቶዎች ያየ ሰው አይረሳቸውም። በ2025 እ.ኤ.አ. ግንቦት ፓሪስ ውስጥ እስኪያርፍ ድረስ ሲሠራ ኖረ። ከሱ ሕይወት ለአንቺ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ኢኮኖሚክሱን አልጣለውም። ለብዙ ዓመታት ያነሳው የጉልበት ሠራተኛን፣ ስደተኛን፣ መሬት ያጣን ገበሬ ነው፤ ድሮ በቁጥር ያያቸው የነበሩትን ሰዎች። ሁለተኛው ሌሊያ ናት። መጽሐፎቹን ያዘጋጀችው፣ ኤግዚቢሽኖቹን የቀረጸችው እሷ ናት፤ ውሳኔው የሁለቱ ነበር።

ወደ ባለቤትሽ የምመጣው ለዚህ ነው። «እንዲህ ያላለው ሰው ማን አለ?» ያለሽ ሊያናንቅሽ አይመስለኝም። የቤት ኪራዩን፣ የልጅቷን ትምህርት ቤት ክፍያ እያሰላ ያለ ሰው አነጋገር ነው። ፈርቷል። በፍርሃቱ ላይ ሕልም ብትነግሪው አይሰማሽም፤ ቁጥር አሳዪው። የባንክ ሰው ነሽ፣ ቁጥር አያቅትሽም። አምስት ወር የሚያቆይ ገንዘብ አለሽ፤ ከዚያ ላይ ሁለቱን ወር ለችግር ቀን ብለሽ አትንኪው፤ የቀረሽ ሦስት ወር ነው። ሦስት ወር ውስጥ ምን ያህል እንደምታገቢ፣ ከየት እንደምታገቢ ቁጭ ብላችሁ ጻፉት። ቅዳሜም ብትሄጂ እሱ ያድርስሽ፤ በሩ ላይ ይይሽ። ልጅቷን ይዞ ቢመጣ ደግሞ የተሻለ።

ይህን ስል ሌላም ነገር አስቤ ነው፣ በግልጽ ልናገረው። ሰውየውን የምታውቂው በስሙ ነው። ስም ያለው ሰው ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ግን ስም ዋስትና አይሆንም። ሥራ ባለበት፣ ሌሎች ሰዎች ባሉበት ሰዓት ሂጂ። አስቀድመሽ ደውለሽ ቅዳሜ ማን እንደሚነሳ፣ ስንት ሰው እንደሚኖር ጠይቂ። ማታ ብቻሽን ነይ የሚል፣ ሙያውን ትቶ ስለ መልክሽ የሚያወራ ከሆነ ካርዱን ቀደሽ ጣይው፤ ምንም አላመለጠሽም። ስለ ክፍያም አትፈሪ። አንድ ሁለት ቅዳሜ ለማየት በነፃ መሥራት ያለ ነው። ወር ሙሉ መሸከም ከሆነ ግን ቢያንስ የትራንስፖርትና የምሳ ይከፈላል፤ «ከዚህ በኋላ እንዴት ነው የምንሠራው?» ብለሽ ጠይቂ። መጠየቅሽ ቢያስቀይመው፣ አብረሽው ልትሠሪ የማትችይ ሰው እንደሆነ በጊዜ አወቅሽ።

ስቱዲዮ ውስጥ ያየሽውን ዝነኛ ሰው በስልክሽ አንስተሽ እንዳትለጥፊ። ለረዳት ከዚህ የከፋ ጥፋት የለም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። ስለዚህ እዚያ ሆነሽ የምታነሺው ፎቶ የማን እንደሚሆን ካሜራሽን ከማውጣትሽ በፊት ተነጋገሩ። ስምምነቱ በአንድ መስመር የስልክ መልእክት ቢሆን እንኳ ይጠቅማል።

ገንዘቡን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። ጀማሪ ዝነኞችን በማንሳት አይኖርም። የአዲስ አበባ ፎቶ አንሺ እንጀራው ሠርግ ነው። ሠርግ ደግሞ ወቅት አለው፤ ጥር ላይ ቅዳሜና እሑድ አይበቃም፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ስልኩ ዝም ይላል፣ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይነሳል፣ ሰኔና ሐምሌ ምርቃት አለ። አሁን ክረምቱ ሊያልቅ ነው፤ ከፊትሽ ያለው መስቀልና የጥር ሠርግ ነው። ሠርግ ማንሳት የማትፈልጊ ከሆነ ለምግብ ቤቶችና ለልብስ ሻጮች ዕቃ ማንሳትም አለ። እናትሽ «ካሜራ ተሸክመሽ ሠርግ ለሠርግ ልትዞሪ ነው?» ብትልሽ፣ አዎ፣ ምናልባት ዓመት ሁለት ዓመት እንዲያ ነው። ሠርግ ደግሞ መልካም ትምህርት ቤት ነው። ሙሽራ የጭንቀት ሁሉ እናት ናት፤ እሷን ያሳረፈ ድምፃዊት አታቅተውም።

ስለ አዲሱ ባንክ ምን ልበልሽ? ብትቀበዪ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ከተማው ውስጥ ደመወዝ እየበሉ ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች አሉ። ችግሩ አንድ ነው። ባንክ ቅዳሜም እንደሚሠራ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። የስቱዲዮው ሥራ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ስለዚህ ከዚህ ወር በኋላ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይከብድሻል። ነሐሴ ሳያልቅ የቀሩሽ ሁለት ቅዳሜዎች ናቸው። ሁለቱንም ስቱዲዮው ውስጥ አሳልፊያቸው፤ ለባንኩ ከዚያ በፊት አትመልሺ። ከሁለተኛው ቅዳሜ በኋላ ልብሽ ወደ ባንኮኒው ካለ፣ ተመለሺ፤ ግን ማታ ለልጅሽ ቃል የሚተርፍሽ የሥራ ክፍል ካለ ጠይቂ፣ ድሮ ያለቀብሽ እዚያ ነውና። ልብሽ ወደ መብራቱ ካለ ደግሞ ለባንኩ አመስግነሽ፣ ስም ሳታጠፊ፣ በሩን ሳትዘጊ መልሺ።

እናትሽን በክርክር አትረቺያትም፤ አትሞክሪ። እሷ ልጇን በመስኮት ማዶ ደርባባ ሆና ተቀምጣ አይታ ለጎረቤት የተናገረች እናት ናት። የነጠቅሻት ያን ነው። አንድ ከሰዓት ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተቀመጪና እሷን አንሺያት። አለባበሷን አታስተካክይ፣ «ፈገግ በይ» አትበያት። ረከቦቱን ስትደረድር፣ ጀበናውን ስታዘነብል እጇን ተከተዪው። ከዚያ አሳትመሽ ስጫት። ምንም አትናገሪ። ማን ማን ቤት ይዛው እንደምትሄድ ታዪያለሽ።

ጎርደን ፓርክስ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ባቡር ላይ አስተናጋጅ ሆኖ የሠራ። መጽሔት ላይ የድሆች ሠራተኞችን ፎቶ አይቶ ካሜራ ገዛ። ሚኒሶታ ውስጥ ለአንድ የሴቶች ልብስ መደብር ያነሳቸውን ፎቶዎች የዝነኛው ቦክሰኛ የጆ ሉዊስ ባለቤት ማርቫ ሉዊስ አየችና ቺካጎ ሄዶ እንዲሠራ ገፋፋችው። ሄደ። በ1948 እ.ኤ.አ. ላይፍ መጽሔት ውስጥ የመጀመሪያው ጥቁር ቋሚ ፎቶ አንሺ ሆነ። ሰዎች ይህን ሲተርኩ ማርቫን ያገኘበትን ዕድል ያነሳሉ። እኔ የማስበው እሷ ስታያቸው ፎቶዎቹ ተነስተው፣ ታጥበው ስለመጠበቃቸው ነው። አንቺም ዝናቡ ሲይዝሽ ካሜራሽ ውስጥ የሚታይ ነገር ነበረሽ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ያ ሊስትሮ ልጅ ፎቶ እንዳነሳሽው ያውቃል? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ እንደ ዝነኞች ላሉትና በአደባባይ ለተፈጸመ ነገር የተለየ ሁኔታ አስቀምጧል፤ ቢሆንም ልጁን መጠየቁ ይሻላል። ፎቶውን ለስቱዲዮው ስታሳትሚ ሁለት ቅጂ አሳትሚ። ቅዳሜ ከመሄድሽ በፊት፣ ዐርብ ከሰዓት፣ በሳር ቤት በኩል እለፊ። ጫማሽን አስጠርጊ፣ ሁለተኛውን ቅጂ ስጪው፤ ለሰው ባሳየው ቅር ይልሃል ወይ ብለሽም ጠይቂው። ፎቶውን ሲያይ መጀመሪያ ዓይኑ የት ላይ እንደሚያርፍ ልብ በይና ጻፊልኝ።